የጤፍ አበባና የእናቴ አውራ ጣት

ጤፍ ስሟን ያገኘችው «ጠፋ» ከሚለው ግስ ነው ይላሉ አበው፤ ከእጅ ካመለጠች አትገኝምና። ይህ የሕዝብ አፈታት ነው፤ የቋንቋ ሊቅ በሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ካሜራ ይዞ አንዲት የጤፍ ፍሬ ለማንሣት የተቀመጠ ሰው ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላው ከአበው ጋር መስማማቱ አይቀርም። የአንዲት ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ግራም ለመሙላት ከ2,500 በላይ ፍሬ ያስፈልጋል፤ አንዲት የስንዴ ቅንጣት ብቻዋን መቶ የጤፍ ፍሬ ያህል ትመዝናለች። ጤፍን የምናውቃት በኩንታል፣ በቁና፣ በእንጀራ ነው እንጂ በነጠላ አይደለም። ነጠላዋን ጤፍ ማን አይቷት ያውቃል?

እኔ ላያት ፈለግሁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፤ አስቀድሜ ስለ መሣሪያው ላውጋችሁ።

የፎቶግራፍ ሰዎች ይህን ዐይነቱን መጠጋት «ማክሮ» ይሉታል። በጥብቅ ትርጉሙ ማክሮ የሚባለው የሚነሣው ነገር በካሜራው ሴንሰር ላይ በእውነተኛ መጠኑ ሲያርፍ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር የምትረዝም ፍሬ በሴንሰሩም ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ስትይዝ ማለት ነው። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ሌንስ አለ፤ ዋጋውን የጠየቅሁ ዕለት ግን አመስግኜ ወጣሁ። ደግነቱ ኪሱ ለሳሳ ሰው ሌላ መንገድ አለው። አንድ ያረጀ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፈልጎ፣ በቀለበት አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ኋላ ጀርባውን ወደ ፊት ገልብጦ መግጠም ነው። በሌንሱና በካሜራው መካከል ደግሞ ሦስት ባዶ ቱቦዎች ይገባሉ። በውስጣቸው ምንም መስታወት የለም፤ ሥራቸው ሌንሱን ከሴንሰሩ ማራቅ ብቻ ነው። ሌንሱ በራቀ ቁጥር ምስሉ ይተልቃል፤ ብርሃኑም በዚያው ልክ እየሳሳ ይሄዳል። በዚህ ዘዴ አንድን ነገር ከእውነተኛ መጠኑ ሁለት እጥፍ ገደማ አድርጌ ማሳረፍ ቻልሁ። አየር መሸጥ ይሉት ነገር እንዲህ ሲሆን አይከፋም።

የሚያስከፍለው ሌላ ነው። ሌንሱ ሲገለበጥ ካሜራው ከእርሱ ጋር መነጋገሩን ያቆማል፤ በራሱ ፎከስ ማድረጉ ይቀራል። የሌንሱን ቀለበት ብታዞሩትም ለውጡ እምብዛም አይታይም። የቀረው ብቸኛ መንገድ ካሜራውን ራሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ነው፤ ያውም ከሌንሱ ጫፍ እስከ ጤፏ አራት ጣት በማይሞላ ርቀት ውስጥ። እስትንፋስ ወደ ውስጥ ሲገባ ትከሻ ይነሣል፤ ትከሻ ሲነሣ ጤፏ ትሰወራለች። ጎንበስ ብዬ አላገኛትም፤ ቀና ብዬ አልፋታለሁ። በማየት የምናውቀው ሥራ ወደ ወገብና ወደ ጉልበት ሥራ ይለወጣል። እናቴ በር ላይ ቆማ አይታኝ «ምን ያሰግድሃል?» ብላኛለች።

ከሁሉ የሚከፋው የጠራው ክልል ስስነት ነው። ማንኛውም ሌንስ በጥራት የሚያሳየው አንድ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ከንጣፉ ፊትና ኋላ ያለው ሁሉ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ተራራ ስናነሣ ንጣፉ ብዙ መቶ ሜትር ይወፍራልና አናስተውለውም። ስንጠጋ ግን ይሳሳል። በእውነተኛ መጠን ሲነሣ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር 8 ላይ ሆኖ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ሁለት እጥፍ ሲያጎሉት ወደ ሩብ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አስቡት፤ ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ሩቧ ብቻ ትጠራለች፣ የቀረው ጭጋግ ነው። ታዲያ ቀዳዳውን አጥብቦ ንጣፉን ማወፈር አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ እስከ ተወሰነ ድረስ። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ጠርዝ እየተበተነ ምስሉን በሙሉ ያለሰልሰዋል። ያኔ የሚገኘው ሁሉም ነገር እኩል የደበዘዘበት ምስል ነው። አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

በዚያን ሰሞን እንዲህ የምትል ስንኝ ጽፌ ነበር፦

ሩቅ ሳለሁ ያየሁሽ፣ ሙሉ ነበርሽ በዐይኔ፤
ስጠጋሽ ጊዜ ግን፣ አጣሁሽ ከጎኔ።

ቤት መምታቷ ስለ ቀለለኝ ጥቂት ተጠራጠርኋት፤ አልሰረዝኋትም ግን።

መጠጋት እንግዳ ሥራዬ አይደለም። እንጀራዬ በባንክ ቤት መስኮት ጀርባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፊርማን ከፊርማ አስተያያለሁ። የአንድ ሰው ፊርማ በወጣትነቱ እንደ ፈረስ ይጋልብና በሽምግልናው ይንቀጠቀጣል፤ ሰውየው ግን ያው ነው፤ ይህንን መለየት የእኔ ፈንታ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የብር ኖቶች ሲወጡ ሰሞኑን በሙሉ ወረቀት ወደ ብርሃን እያነሣን ስናይ ከረምን። (ገንዘብ ግን በካሜራዬ አላነሣም፤ አንዳንድ ነገር በዐይን ብቻ መታየት አለበት።) ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ የጣት አሻራ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ ደንበኞቻችን አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ይጫኑልናል። የከተሜው አሻራ መስመሩ የተለየ፣ እንደ አዲስ እርሻ ፈሩ የተለቀመ ነው። ዕድሜውን በሞፈርና በማጭድ የጨረሰ ሰው አሻራ ግን አንዳንዴ ጥቁር ጠብታ ብቻ ይሆናል። መስመሩን መሬት ወስዳዋለች።

እናቴም በአሻራ ከሚፈርሙት ናት። በአድአ መሬት ከአምሳ ዓመት በላይ ጤፍ አርማ፣ አበጥራ፣ ነፍታ፣ አቡክታ፣ ጋግራ፣ አባቴ ካረፈ በኋላ እኔ ዘንድ፣ ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገብታለች። መጀመሪያ ያስተዋልሁት ሲኒ መግፋቷን ነው። ከጎኗ ያለውን ነገር እጇ ይገፈዋል፤ የበሩ ጠርዝ ትከሻዋን ይመታዋል፤ ፊት ለፊቷ ያለሁትን እኔን ግን ገና ከኮሪደሩ ጫፍ «ከሳህሳ» ትለኛለች። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። በዐይን ውስጥ ያለው ግፊት ዐይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭ ቀስ እያለ ይጎዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከዳር ጀምሮ ይበላና መካከሉን ለመጨረሻ ያቆያል፤ ሕመም ስለሌለው ባለቤቱ አያውቀውም። የሚንጠባጠበው መድኃኒት ያለውን ለማቆየት ነው፤ የሄደው አይመለስም። ይህን ሲነግረን ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። እናቴ ግን በጠራ ድምፅ «የቀረው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችው። ገበያ እንደ ወጣች ሴት ልኩን ፈለገች።

ልክ አልሰጣትም። እኔም ማታ ማታ ጠብታውን እያደረግሁላት፣ የቀረው ሳይሄድ ምን ላሳያት እል ጀመር። ባሕር አይታ አታውቅም፤ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። አንድ ምሽት ሽሮ እየበላን ሳለ ስለ ጤፍ አበባ አነሣሁባት። ሳቀች።

«ጤፍ ያሸታል እንጂ አያብብም» አለች።

«ሣር አይደለም እንዴ? ሣር ሁሉ ያብባል።»

«አምሳ ዓመት አረምሁት እኮ ልጄ! ቢያብብ አላየውም ነበር?»

ይህች ናት ምክንያቴ።

በሐምሌ አጋማሽ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ከሥሩ ቀዳድቼ፣ አፈር ሞልቼ፣ ለእንጀራ ከተገዛው ጤፍ አንድ ቆንጠር ዘራሁበት። በሳምንት ውስጥ በረንዳው ላይ አረንጓዴ ፀጉር በቀለ። ጎረቤቶች ለፋሲካ በግ የምቀልብ መሰላቸው። እናቴ በየማለዳው ሳፋውን በእጇ ትዳስሰዋለች፤ ሲታጠፍ ትደግፈዋለች፤ «በሳፋ የሚያርስ የባንክ ሰው» እያለች ለምትደውልላት ዘመድ ሁሉ ታወራለች። ዘለላው የወጣው መስከረም ሲጋመስ ነበር።

የጤፍን አበባ አለማየቷ የዐይኗ ጉዳይ እንዳልነበረ ልናገርላት ይገባል። ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ ብዙ ዘመን ተቸግረውበታል። ጤፍ ራሷን በራሷ የምታዳቅል ተክል ናት፤ አበባዋ እጅግ ትንሽ ከመሆኗ የተነሣ ሁለት ዝርያዎችን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ኖሯል። መላው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ታረቀ በርሄ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አበባዋ የምትከፈተው በማለዳ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ገደማ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በመርፌ ጫፍ፣ የወንዴውን ክፍል እየነቀሉ ያዳቅሏት ጀመር። ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ቁንጮ» የተባለው ዝርያ የዚህ የመርፌ ጫፍ ሥራ ልጅ ነው። ብዙዎቻችን እንጀራውን በልተነዋል፤ ለቁጥር የሚያታክት ማለዳ እንዳለበት ግን አናውቅም።

እንግዲህ እኔም ያለኝ ሦስት ሩብ ሰዓት ነው፤ ያውም ታክሲ ሰልፍ ከመያዜ በፊት።

ከሚነሣው ነገር ይልቅ በዙሪያው ያለው ያስቸግራል። ከአራት ጣት ርቀት ላይ ነፋስ የሚባለው ነገር ሌላ ነው። የበረንዳው ልብስ ሳይነቃነቅ የጤፏ ዘለላ ይወዛወዛል፤ እኔ ስተነፍስ ይወዛወዛል፤ ከታች ከባድ መኪና ሲያልፍ ፎቁ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ዘለላውም አብሮ። አገዳዋን በልብስ መቆንጠጫ ያዝሁ። በካርቶን ከለልኋት። ነጭ ወረቀት ከጎኗ አቁሜ የሰማዩን ብርሃን መለስሁላት። ቀዳዳውን በሰፊው ከፍቼ ፎከሱን ካገኘሁ በኋላ ወደ 8 ሳጠብበው መመልከቻው ይጨልማል፤ ከዚያ በኋላ በእምነት መሄድ ነው። አንዱ ማለዳ ጤዛ ነበር፤ በየዘለላው ላይ የተንጠለጠለው ጠብታ ሰማዩን ገልብጦ ይዞ ነበርና አበባውን ረስቼ እርሱን ሳነሣ ሰዓቱ አለፈ። አልቆጨኝም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1885 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ዊልሰን ቤንትሊ የተባለ ገበሬ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጣምሮ የአንዲት የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አንሥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን በሙሉ ከ5,000 በላይ ቅንጣቶችን ሲያነሣ ኖረ። የእርሱ ጠላት መቅለጥ ነበር፤ የእኔ ነፋስ። ገበሬ መሆኑ ግን ከሁሉ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረ፤ ንጣፉ። አበባዋ ከፊት እስከ ኋላ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች፤ የእኔ ንጣፍ ሩብ ሚሊ ሜትር። ለዚህ ዓለም የሚጠቀምበት መላ ምስሉን በንጣፍ በንጣፍ አንሥቶ በኮምፒዩተር መደረብ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከእያንዳንዱ ፎቶ የጠራውን ብቻ እየለቀመ አንድ ሙሉ ምስል ይሰፋል። ሌቨን ቢስ የተባለው እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ2016 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያሳያቸው የጢንዚዛና የሌሎች ነፍሳት ምስሎች እያንዳንዳቸው ከ8,000 በላይ ፎቶዎች የተደረቡባቸው ናቸው። የእርሱ ነፍሳት ግን የሞቱ ናቸው፤ መርፌ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። የእኔዋ በሕይወት አለች፤ ሦስት ሩብ ሰዓት አላት።

መርካቶ አንድ ብረት ሠራተኛ ዘንድ ሄጄ ካሜራውን የሚሸከም ተንሸራታች ጠፍጣፋ ብረት በረዥም ብሎን አሠራሁ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ተራ ብሎን ጥርሱ በአንድ ሙሉ ዙር ልክ አንድ ሚሊ ሜትር ያስኬዳል፤ ሩብ ዙር ሩብ ሚሊ ሜትር፣ ስምንተኛ ዙር የዚያ ግማሽ። ብረት ሠራተኛው ምን እንደምሠራበት ጠየቀኝ። «ጤፍ ላነሣበት ነው» አልሁት። «በአካፋ አይሻልህም?» አለኝ።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ማክሰኞ ነፋሱ ቆመ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ከገለባዋ መሐል ሁለት ክንፎች እንደሚለያዩ ሆና ተከፈተች። ሦስት የወንዴ ከረጢቶች፣ እያንዳንዳቸው ከፀጉር በቀጠነ ክር ላይ ተንጠልጥለው ወጡ። ከመካከላቸው እንደ ላባ የተበታተኑ ሁለት የሴቴ ጫፎች። ብሎኑን ስምንተኛ ዙር እያዞርሁ፣ እስትንፋሴን አውጥቼ በባዶ ሳንባ እየተጫንሁ፣ ሃያ አራት ጊዜ አነሣሁ። አሥራ አራተኛው ላይ በታችኛው ፎቅ አንድ በር ተዘጋ። በተደረበው ምስል ላይ አንዱ ከረጢት ሁለት ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ጥላ። በኮምፒዩተር ሊጠፋ ይችላል። ትቼዋለሁ፤ በሩ መዘጋቱ እውነት ነውና።

ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ አወጣሁላት። ሦስት ሚሊ ሜትሯ አንድ ክንድ ሆነች። እናቴ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች፤ ከዚያ ተነሥታ ቆመች። ዳሩን ስለማታይ ምስሉን ባንድ ጊዜ መያዝ አትችልም፤ ዐይኗን ከታች ጀምራ በጥቂት በጥቂቱ አወጣችው፤ ክሩን ተከትላ ወደ ከረጢቱ፣ ከከረጢቱ ወደ ላባው፣ ተመልሳ ወደ ክሩ። እኔ ጠዋት በብሎን የሄድሁበትን መንገድ እርሷ በዐይኗ ሄደችበት። አላጣደፍኋትም። ረዥም ጊዜ ወሰደባት።

«እንዲህ ለብሶ ነው እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

ዝም አልሁ።

«በአረም ጊዜ ስንቱን ረግጬዋለሁ።» ቀጥላም «ይኼኛው ለምን ሁለት ሆነ?» ብላ በጥላው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከሁሉ አስቀድማ ያገኘችው እርሱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሥራው ባልደረባ ሆናለች። ቅዳሜ ጠዋት ብርሃኑ ሲለሰልስ ራሷ ትጠራኛለች። ባለፈው ሳምንት የምትፈልገው አበባ ሳይሆን ፍሬ ነበር፤ «አንዷን ብቻ አሳየኝ፤ ብቻዋን» አለችኝ። ከማሰሮው በጣቷ ጫፍ ነክታ ጥቂት አወጣችና በአውራ ጣቷ ሆድ ላይ አስቀመጠቻቸው። ክንዷን በትራስ ደግፌ ካሜራውን አቀረብሁ። ጣቷ ክብ ነው፤ ፍሬዎቹ በጉብታው ላይ ናቸው፤ አሻራዋ ደግሞ ከጉብታው ወደ ጎን እየወረደ ይሄዳል። ፍሬዎቹ ሲጠሩ ቆዳዋ ይጠፋል፤ ቆዳዋ ሲጠራ ፍሬዎቹ ይቀልጣሉ። ሁለቱን ለመያዝ አርባ ፎቶ ያስፈልገኛል። የአንድ ሰባ ዓመት ሴት ጣት አርባ ፎቶ ሙሉ አይቆምም፤ የልብ ምቷ እንኳ በመመልከቻው ውስጥ ይታየኝ ነበር፤ ፍሬዎቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ብሎኑን ማዞር ጀመርሁ። ከላይ ፍሬዎቹ መጡ፤ ሦስት፣ ነጣ ያሉ፣ ሞላላ፣ በአንድ ጫፋቸው ትንሽ ጠቆር ያሉ። ወደ ውስጥ ስገባ የቆዳዋ መስመር ብቅ ማለት ጀመረ። በባንክ ቤት ወረቀት ላይ ያልታየው መስመር ነበረ ለካ፤ እጅግ ቀጭን፣ እዚህም እዚያም የተቆረጠ፣ ግን ነበረ።

«አንዷ አፈር ናት» አለች እናቴ።

«የቷ?»

«ወደ ጥፍሬ ያለችው። ትቆረቁረኛለች።»

ብሎኑን ወደ ኋላ መልሼ አየሁ። ወደ ጥፍሯ በኩል ያለችው፣ ከሌሎቹ ጋር በመጠን እኩል የሆነችው፣ ማዕዘን አላት፤ ብርሃኑ በውስጧ ያልፋል። አሸዋ ናት። ነገርኋት።

«አልሁህ እኮ» አለችና፣ አምሳ ዓመት ስታደርግ እንደኖረችው፣ አሥራ ስድስተኛው ፎቶ ላይ ሳለሁ፣ ጣቷን ወደ አፏ አስጠግታ እፍ አለችበት። ሦስቱም ሄዱ። የቀሩትን ሃያ አራት ፎቶዎች ባዶውን አውራ ጣት አነሣሁ።